መድን እያለው ካሳ ያላገኘ ቤት፦ የአንድ የጅማ ግቢ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለ አንድ ግቢ የደረሰውን ነገር ከመነሻው ጀምሮ የሚያስረዳ ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጎርፍ ግቢያቸው ገብቶ ቤታቸውን ጎዳው። የመድን ውል ነበራቸው፤ አረቦኑም፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ተከፍሏል። ካሳ ግን አምስት ሳንቲም አላገኙም።

እኔ በሙያዬ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የጠሩኝ የተናደውን ግድግዳ እንዳይላቸው ነበር። ወረቀታቸውን ሳየው ግን ከግድግዳው ይልቅ እሱ አሳሰበኝ። ያበደራቸውን ባንክም ሆነ መድኑን የሸጠላቸውን ድርጅት ስም አልጠቅስም። ዓላማዬ ሌላ ቤት ያለው ሰው የራሱን ግቢና የራሱን ውል ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲመለከት ነው።

ግቢው

ከፊት፣ የኮብልስቶኑን መንገድ ይዞ፣ ዋናው ቤት አለ። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ በባሕር ዛፍ አጠናና በማገር የተዋቀረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። መምህር ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ውስጥ ነው። ከኋላ በኩል በባንክ ብድር የሠሯቸው ሦስት የብሎኬት ክፍሎች አሉ፤ ቂጦ ፉርዲሳ በሚባለው ካምፓስ ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያከራዩአቸዋል። መሬቱ ከመንገዱ ወደ ወንዙ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የኋላዎቹ ክፍሎች ወለል ከዋናው ቤት ዝቅ ይላል። ክፍሎቹ ሲሠሩ ከኋላቸው፣ በታችኛው ወገን፣ ድፍን የብሎኬት አጥር ቆመ። ቀድሞ እዚያ የነበረው የቆርቆሮና የእንጨት አጥር ነበር።

ይህ አጥር የጉዳዩ ግማሽ ነው።

ጎርፉ በመጣ ቀን አዌቱ አልሞላም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ብዙ ሰው ጎርፍ ሲባል ወንዝ ገንፍሎ ሲመጣ ብቻ ስለሚታየው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለበት ዓይነት ጎርፍ በሁላችንም አእምሮ ተቀርጿል። ያንን ይዘን አዌቱን ስናይ «የኛ ወንዝ እንዲህ አያደርግም» እንላለን። የመምህርን ቤት ያጠቃው ግን ከላይ፣ ከመንገድ የመጣ ውሃ ነው።

ዝናቡ አመሻሽ ላይ ጀመረ። ከመንገዱ ዳር ያለው ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ)፣ ከታች በኩል በመግቢያ ድልድይ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ተደፍኖ ነበር። በማግስቱ አፉን ስንከፍት የወጣው ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባና አንድ ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ከመንገዱ በመምህር የግቢ በር ገባ፤ ዋናውን ቤት በጎን አልፎ ወደ ኋላ ወረደ። እዚያ ድፍኑ አጥር ጠበቀው። ከጉልበት በላይ እስኪሆን ተጠራቀመ። በመጨረሻ አጥሩ ወደ ወንዙ ወገን ተደርምሶ ውሃው ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የዋናው ቤት የኋላ ግድግዳ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆይቷል።

የጭቃ ቤት ከላይ በሚመታው ዝናብ እምብዛም አይጎዳም፤ ጣሪያው ያድነዋል። የሚገድለው ከሥር የሚጠጣው ውሃ ነው። ምርጊቱ ሲርስ ክብደቱ ይጨምራል፤ ጭዱ ጭቃውን መያዝ ያቅተዋል፤ ከዚያ እየተገመሰ ይወርዳል። የመምህር ቤት የኋላ ግድግዳ በዚያ ሌሊትና በማግስቱ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ወርዶ ማገሩ ተገፎ ቀረ። ብሎኬቶቹ ቆመዋል፤ ነገር ግን ልስናቸው ተላቀቀ፣ በሮቹ አብጠው አልዘጋ አሉ፣ አንደኛው ክፍል ጥግ ላይ ሊሾው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ከሥር ያለው መረሬ አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተማሪዎቹ ፍራሽ፣ ደብተርና አንድ ላፕቶፕ ጠፋ። መምህር ወረቀታቸውን የሚያስቀምጡበት የቆርቆሮ ሣጥን አልጋ ሥር ስለነበር ካርታው፣ የብድር ውሉና የግብር ደረሰኙ ሁሉ ረሰረሰ።

ወረቀቱ

ከሦስት ቀን በኋላ አብረን ወደ መድን ቅርንጫፉ ሄድን። የተቀበለችን ልጅ ትሁት ነበረች። ፋይሉን አውጥታ አየችና «አባቴ፣ ይኼ እኮ የእሳትና የመብረቅ ውል ነው። ጎርፍ ተጨማሪ ሽፋን ነው፤ እርስዎ ጋ አልተገዛም» አለቻቸው።

መምህር ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ በየዓመቱ ከሒሳቤ ሲቆረጥ ነበር እኮ። ምን እንደገዛሁ ግን የነገረኝ የለም» አሉ።

ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። በአገራችን የቤት መድን ሲባል በመሠረቱ የሚሸጠው የእሳት አደጋ መድን ነው፤ እሳትና መብረቅ ይሸፍናል። ጎርፍ፣ ዐውሎ ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧ ፍንዳታና የመሳሰሉት በተጨማሪ አረቦን፣ በስማቸው እየተጻፉ የሚገቡ ናቸው። ካልተጻፉ የሉም። የመምህር ውል አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ዝርዝር ነበረው፤ «ተጨማሪ አደጋዎች» በሚለው ረድፍ ፊት ለፊት አንዲት አጭር ሰረዝ ብቻ ተደርጋለች።

ውሉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ሌሎችም ክፍተቶች ወጡ። በውሉ የተመዘገበው ንብረት ሦስቱ የብሎኬት ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ዋናው ቤት የለበትም። የካሳው ቀዳሚ ተቀባይ ባንኩ ነው። የተመዘገበው ዋጋም የክፍሎቹ የመሥሪያ ዋጋ ሳይሆን ከብድሩ ጋር የተቀራረበ 600,000 ብር ነው። ነገሩ ሲታሰብ ይገባል፦ ባንኩ መድኑን የጠየቀው ለብድሩ መያዣ ነው። ያበደረውን ገንዘብ የሚጠብቅ ውል አስገዛ፤ መምህርን የሚጠብቅ ውል የመግዛት ግዴታ አልነበረበትም። አረቦኑን የከፈሉት መምህር ስለሆኑ እሳቸው የመሰላቸው ለራሳቸው ነው። ዋናው ቅጂ ባንክ ፋይል ውስጥ ስለነበረ ውሉን ከዚያ ቀን በፊት አላዩትም።

እንግዲህ ድርጅቱ በወረቀት አልበደለም። ነገር ግን ወንዝ ዳር ላለ ቤት መድን የሚሸጥ ሰው «ጎርፍ ይጨመር ወይስ ይቅር?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። አንድ ጥያቄ ነበር የጎደለው። ደንበኛው «ይቅር» ካለ ያው የራሱ ውሳኔ ነው። መምህር ግን «ይቅር» የማለት ዕድል እንኳ አላገኙም። አብዛኛው የአገራችን ሰው መድንን የሚያውቀው በመኪናው ነው፤ የሦስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ስለሆነ። ቤት ላይ ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የአገሪቱ የመድን አረቦን በጠቅላላ ተደምሮ ከአገር ውስጥ ምርቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ውሃው ዳግም ይመጣል ወይ?

መምህር ወዲያው ጎርፍ የሚጨምር አዲስ ውል ሊገዙ ፈለጉ። እኔ ቆይ አልኩ። መጀመሪያ ውሃው በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣና ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብን።

ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ አይለቅም። ሐምሌ ሲደርስ አፈሩ ጠግቧል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ከላይ ነው የሚሄደው። ከጅሬን ተራራ ጀምሮ ያለው ተዳፋት ሁሉ ወደ ከተማዋ ሜዳ ያፈሳል፤ አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ፣ ቂጦ ወንዝም በበኩሉ፣ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ግልገል ጊቤ ነው። ቦዬ በሰፊው ተንጣሎ ውሃ ሲያሳርፍ የነበረ ቦታ ነው። ዛሬ ዙሪያው በጡብ ጭቃ ቁፋሮ፣ በባሕር ዛፍና በቤት እየተበላ ነው፤ የሚያሳርፈው ሲቀንስ የታችኛው ሰፈር ውሃ ቶሎ አይወርድም።

በላይኛው ወገን ደግሞ ጣሪያው በዛ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 150 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 6,000 ሊትር፣ ማለትም ሠላሳ በርሜል ይሆናል። ያ መሬት ሣር በነበረ ጊዜ ጥቂት የማይባለው ይሰርግ ነበር፤ ከቆርቆሮ ላይ ግን ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ነው። ከመምህር ግቢ በላይ ባለፉት ዓመታት የተሠራውን ጣሪያ ዓይቶ መገመት ይቻላል።

ከዚያ ልኬት ያዝን። ረጅም ግልጽ ላስቲክ ውሃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ መምህር በዋናው ቤት ደፍ ላይ ያዙ፣ ሌላውን እኔ ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ። በላስቲኩ ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ከዚያ እስከ መሬት ያለውን በሜትር መለካት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ማንም ግንበኛ የሚሠራው ነው። የዋናው ቤት ደፍ ከዲቹ ከንፈር በ8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። መምህር አላመኑም፤ «ቤቱ ሲሠራ ወደ ላይ ሁለት ደረጃ ወጥተን ነበር የምንገባው» አሉ። እውነታቸውን ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከሥሩ በተሞላው ድንጋይና አሸዋ ከፍ ብሏል፤ ቤቱ ግን እዚያው ነው። የኋላዎቹ ክፍሎች ወለል ደግሞ ከዲቹ ከንፈር በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቤቱ ላይ ማንም እጁን ሳያሳርፍ የጎርፍ ተጋላጭነቱ ተቀየረ ማለት ነው። ከዚህ ልኬት የበለጠ ዓይን የከፈተልን ነገር የለም።

ቀጥሎ የሰፈሩን ትውስታ ሰበሰብን። በመንገዱ ማዶ ቡና የሚሸጡ እናት የበራቸውን ድንጋይ እያሳዩ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ በየዘመኑ ነገሩን፤ «ይኸኛው ልጄ ሲዳር ነው፣ ያኛው የኮብልስቶኑ ዓመት» እያሉ። የጎረቤቶችን ቃል ስናመሳክር፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ውሃ የመምህርን ግቢ በር አልፎ የገባው ቢያንስ አራት ጊዜ ነው። ሦስቱ እግር ከማርጠብ አላለፉም፤ ያኔ አጥሩ ያሳልፍ ነበርና።

በአማካይ በአምስት ዓመት አንዴ ማለት በየዓመቱ 20 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ይህ ሲባል «አሁን ስለመጣ እስከ አምስት ዓመት አይመጣም» ብሎ መተኛት ስህተት ነው፤ በመጪዎቹ አምስት ዓመታት ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 67 በመቶ ይሆናል። መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚሉትም ቢሆን በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ያለው ነው፤ ቤቱን ለ30 ዓመት ለሚኖርበት ሰው ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ከአራት ሰው አንዱ ያየዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኔን ሐሳብ ልናገር። በየአምስት ዓመቱ የሚመጣን ውሃ በመድን ለመመለስ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። መድን ሰጪውም ከገባው አረቦኑን ያከብደዋል ወይም እምቢ ይላል። እንዲህ ያለው ተደጋጋሚ ውሃ የአካፋና የግንበኛ ሥራ ነው። መድን የሚያስፈልገው ከዚያ አልፎ ለሚመጣው፣ አዌቱ ራሱ ለሚወጣበት ቀን ነው። ሁለቱን ካልለያየን ሁለቱንም አናገኝም።

በግቢው የተሠራው

መጀመሪያ አጥሩ ነው። እንደገና ሲገነባ ከሥሩ በየሁለት ሜትሩ ፌሮ የተሰካበት ማፍሰሻ ቀዳዳ ተተወለት። ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ይኼ ብቻ ቢሠራ እንኳ ያን ቀን ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። በዋናው ቤት ጎን ከግቢው በር እስከ አጥሩ የሚወርድ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ተቆፈረ፤ የኋላው ግድግዳ እግር በድንጋይና በሲሚንቶ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ምርጊቱ ከዚያ በላይ ተጀመረ። አሸንዳ ተገጠመ። በኋላዎቹ ክፍሎች የመብራት ሶኬቶቹ ከወለሉ ወደ ወገብ ከፍታ ወጡ። ከአጥሩ ውጪ ባለው ዳገት ላይ ቬቲቨር ሣር ተተከለ፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ አፈር ይይዛል፣ ደግሞም ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከዐሥርት ዓመታት በፊት ያለማመደው ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከእድሩ። የእድር ደንብ ለሐዘን እንጂ ለጎርፍ አይከፍልም፤ ግን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለመምህር በየወሩ የሚመለስ ብድር ፈቀዱላቸው፣ ወጣቶቹም ሁለት እሑድ በደቦ ቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሰኔ ሳይገባ ዲቹን የሚያስጠርግ ሆኗል። የድልድዩ አፍ ላይ የተገጠመው የብረት ፍርግርግ ቆሻሻውን ይይዛል፤ ነገር ግን የሚያነሳው ሰው ከሌለ ራሱ ፍርግርጉ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ በክረምት ተራ ወጥቷል።

ሁለተኛው ውል

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መድን የተመለስነው፤ የተሠራውን ሥራ ፎቶ፣ ልኬቱንና የሰፈሩን ታሪክ ይዘን። አንደኛው ድርጅት ወንዝ ዳር ሲባል ፋይሉን አልከፈተም። ሁለተኛው የብሎኬቶቹን እሺ ብሎ ጎርፉን አልጨምርም አለ። ሦስተኛው ባለሙያ ልኮ ግቢውን አየና ለብሎኬት ክፍሎቹ ጎርፍ ለመጨመር ተስማማ። የጭቃውን ቤት ግን ሦስቱም አልፈለጉትም።

ማመልከቻ ቅጹ ላይ «ንብረቱ ከዚህ ቀደም የጎርፍ ጉዳት ደርሶበታል?» የሚል ጥያቄ አለ። አንድ ወዳጃቸው «የለም በል፣ ማን ያውቃል» ብሎ መከራቸው። መምህር ሁሉንም ጻፉት፤ ደግ አደረጉ። በሥራ ላይ ያለው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድን ክፍል መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል፣ የከፈለውም ይቀርበታል። አረቦኑ በእርግጥ ጨመረ። የጨመረው ግን በችግር ቀን የሚቆም ውል ነው።

ትልቁ ክርክር ዋጋው ላይ ነበር። መምህር «ግቢዬ አምስት ሚሊዮን ያወጣል» ይላሉ፤ ቢሸጥ ሊያወጣ ይችላል። ከዚያ ውስጥ ብዙው የቦታው ዋጋ ነው፤ መሬት ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መድን አይገባለትም፤ ጎርፍም አይወስደውም። መድን የሚገባው ክፍሎቹን ዛሬ ባለው የሲሚንቶ፣ የብሎኬትና የእጅ ዋጋ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ነው። እሱን ስናሰላ 1,200,000 ብር መጣ። በድሮው 600,000 ቢቀር ምን ይሆናል? ጎርፍ የ200,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ፣ ቤቱ መድን የገባው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የሚከፈለውም ግማሹ፣ 100,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ይነሳል። ብዙ ሰው «ጉዳቱ ከተመዘገበው ገንዘብ በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብሎ ያስባል። ሕጉ እንዲህ አይልም፤ ላልተመዘገበው ግማሽ ራሱ ባለቤቱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል።

ሌላው ያከራከረን «ጎርፍ» የሚለው ትርጉም ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከዳርቻው ሲወጣ ብቻ የሚል ነበር። በዚያ ቃል መሠረት ባለፈው ጊዜ የደረሰው ጉዳት አይከፈልም፤ አዌቱ አልወጣምና። ከዲችና ከመንገድ ሞልቶ የሚገባ የዝናብ ውሃ በግልጽ እንዲጻፍ ጠየቅን፤ ተጻፈ። ከሥር ቀስ እያለ የሚሰርግ እርጥበት አልተካተተም፤ እሱን አንቀበልም ብለዋል። የተከራዮቹ ዕቃ በሕንፃ መድን ውስጥ አይገባም፤ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ሲገቡ ይነግሯቸዋል። ባንኩ አሁንም ቀዳሚ ተቀባይ ነው፤ ግን ከቀሪው ዕዳ በላይ ያለው ለመምህር እንደሚከፈል ተጽፏል፤ የውሉም ቅጂ በእጃቸው ነው፣ ፎቶውም አዲስ አበባ ባለችው ልጃቸው ስልክ ላይ።

ጎረቤታቸው፣ ወለድ ያለበት ነገር የማይነኩ አባት፣ «ለኛስ?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ተካፉል የሚባለውን፣ በእስልምና ሥርዓት ያለ ወለድ የሚሠራ መድን የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው፦ ጎርፍ በስሙ ተጽፏል? የትኛው ውሃ? የትኛው ቤት? በስንት ብር?

ጉዳት ሲደርስም ሕጉ ለማስታወቂያ የሚሰጠው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ውሃው ሳይደርቅ፣ መስመሩ ግድግዳው ላይ እያለ ሜትር አጠገቡ አቁሞ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ስልክ ደውሎ ሳይበቃ በጽሑፍ ማስታወቅና የተቀበሉበትን ማኅተም ማስደረግ ያስፈልጋል። ገማቹ ሳያየው የተጠገነ ግድግዳ ለማስረዳት ከባድ ነው።

ያለፈው ክረምት ዲቹ አንድ ጊዜ ሞልቶ ነበር። ውሃው በግቢው በር ገባ፣ በቦዩ ወረደ፣ በአጥሩ ቀዳዳዎች ወጣ። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አንስተው አልጋ ላይ ወጡ እንጂ ወለሉ አልረጠበም።

ዋናው ቤት እስከ ዛሬ መድን የለውም። መምህር የኋላውን ግድግዳ በየተራ ወደ ብሎኬት የመቀየር ሐሳብ አላቸው፤ የሦስተኛው ድርጅት ባለሙያ ያ ከተደረገ ዳግም መጥቶ እንደሚያየው ነግሯቸዋል። ውላቸው የሚታደሰው ጥር ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ስለጨመረ 1,200,000 ብሩ አይበቃም፤ ከዚያ በፊት ግምቱን አብረን እንደገና እንሠራለን።